ከእኔ በኋላ የገባው ሰው

ሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ማስታወሻ ጽፌ አላውቅም። የእኔ እጅ ለመፍቻ እንጂ ለብዕር አልተፈጠረም። አሁን ግን በዙሪያዬ የሆነ ነገር እየተጎነጎነ ነው፤ ነገ «እንዲህ አላልንም» ሲሉኝ የማመሳክርበት ነገር ሊኖረኝ ይገባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ዛሬ ጠዋት ወርክሾፕ ስገባ ምክትሌና የመቆጣጠሪያ ክፍሏ ተረኛ ጥግ ላይ ቆመው ያወራሉ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። እኔን ሲያዩ ጨዋታቸውን ቆረጡና «እንደምን አደሩ» አሉኝ፣ ያንን ደግሞ ጮክ አድርገው። ለሰላምታ ጩኸት፣ ለቁም ነገር ሹክሹክታ። እንዲህ ያለ ሰላምታ ወዴት እንደሚያመራ አውቃለሁ።

ምክትሌ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራ ያስገባሁትም ያስተማርኩትም እኔ ነኝ፤ ሲመጣ ብሎን ወዴት እንደሚጠብቅ እንኳ አያውቅም ነበር። አሁን የጣቢያው ሰው ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልክድም። የምፈራውም ለዚሁ ነው።

ረቡዕ

ጥድፊያ ነው። ትልቋ ተርባይን ከሙሉ እድሳት ተመልሳ እየተገጠመች ነው። ጣቢያችን ከጉድጓዶቹ የሚመጣውን ጋዝ ጨምቆ ወደ ረጅሙ ቧንቧ የሚገፋ ሲሆን ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። እሷ በሌለችበት ትንሿ ተርባይን ብቻዋን ሸክሙን ተሸክማ ታቃስታለች፤ በዚያ ላይ የዘንድሮ ነፋስ አቧራውን እያመጣ ማጣሪያዎቿን ይደፍናቸዋል። ሥራ አስኪያጁ በሰዓት አንዴ ብቅ ይላል። ሰው ሲያናግረው የእጅ ሰዓቱን ስለሚያይ በሌለበት «ባለ ሰዓቱ» ነው የምንለው። «ትልቋ መቼ ትነሳለች?» ይላል። ስትደርስ ትነሳለች።

ከጠረጴዛዬ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቀይ መብራት ተሰቅሎ አገኘሁ። ማን ሰቀለው ስል ምክትሌ ነው አሉኝ። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሲደወል ብልጭ ይላል፤ ይኼ ጫጫታ ስልኩን እየዋጠብን ነው» አለኝ። ወርክሾፑ ዛሬ ነው የተንጫጫው? እንደማስበው እኔ ስመጣ ለሌሎቹ ምልክት የሚሰጡበት ነው። ነገሩን እስካጣራ ዝም ብያለሁ።

ዓርብ

ስልኬ መጥራት አቁሟል። ባለቤቴ አራት ጊዜ ደውላ ነበር፣ አንዱንም አላየሁ። አንድ ሰው ድምፁን ነክቶብኛል። ስከፍተው ድምፁ ሙሉ ነው፤ የነካው ሰው መልሶታል ማለት ነው። ከእንግዲህ ከኪሴ አላወጣውም።

እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

እረፍት ነው፣ እረፍት ከተባለ። ጠዋት ውኃ ጥጄ ጋዜጣ ሳነብ ማንቆርቆሪያው ነደደ፣ ውኃው አልቆ ቂጡ ጠቁሯል። ሲፈላ የሚያፏጭ ተብሎ የተገዛ ማንቆርቆሪያ ነው። ለባለቤቴ ርካሽ ዕቃ ውጤቱ ይኸው ነው አልኳት። እሷ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። የሆነ ነገር አለች፣ ፊቷን ወደ ገንዳው አዙራ ነበር፤ «እሺ» አልኳት።

እሷም ሰሞኑን ሹክሹክታ ለምዳለች። ስትናገር የምትፈራ ትመስላለች። ከትዳር ዘመናችን አብዛኛውን የጮኸችብኝ ሴት እኮ ናት።

ከዚያ ወንድሟ መኪናውን ደጃፉ ላይ አቆመና ወጥታ መኪናው ውስጥ ገባች። በመስኮት አየኋቸው። እሱ በእጁ ጭንቅላቱ አካባቢ እያመለከተ ያስረዳታል፣ እሷ ዓይኗን ትጠርጋለች። ስትመለስ ምን አለሽ አልኳት። «ደህና ነህ ወይ ብሎ ነው» አለች። ደህና መሆኔን መኪና ውስጥ ተቀምጦ እሷን የሚጠይቃት ለምንድነው? ጭንቅላቱን ሲያመለክት ደግሞ ግልጽ ነው፤ አብዷል እያለኝ ነው። ያበደ ሰው ደግሞ ዋና መካኒክ ሆኖ አይቀጥልም።

ጎረቤታችን ስለ ቴሌቪዥናችን ድምፅ ሊያማርር ዛሬም መጥቶ ነበር። ሰው ሥራ ሲያጣ ነገር ፈላጊ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ከእራት በኋላ

ዛሬ ትልቋን አዳመጥናት። ይህንን በደንብ ልጻፈው።

ተርባይን ተፈትታ ከተገጠመች በኋላ፣ እሳት ከመለኮሱ በፊት የምናደርገው ነገር አለ። መሣሪያው ሁሉ ተቆጥሮ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ የሁላችንም ኪስ ይራገፋል፣ እስክሪብቶ እንኳ አይቀርም። ማራገቢያዎቹ ይጠፋሉ። አንዲት ትንሽ ሞተር ዘንጉን ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ደጅ ይወጣል። እኔ ረጅሙን ካቻቪቴ ይዤ ወደ ተርባይኗ ቤት እገባና ጫፉን ዘንጉን ከሚሸከሙት ኩሽኔታዎች አንዱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄድኩ ብረት ከብረት ይነካካ እንደሆነ እሰማለሁ። ንጹሕ ከሆነች ወጥቼ እጄን አነሳለሁ። ከዚያ በሩን በራሴ ቁልፍ እቆልፋለሁ፤ ከእኔ በኋላ ማንም አይገባም። ይኼ የትኛውም የፋብሪካ መመሪያ ላይ የለም፣ እዚህ ጣቢያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ሐኪሙ» የሚሉኝም ለዚሁ ነው።

ዛሬ ትልቋ እንደ ቅቤ ነበረች። ድሮ ከየትኛውም ማሽን ትንሽ የሚያፏጭ ነገር አይጠፋም ነበር፣ እሷ ግን ጭጭ። ከታች በወለሉ በኩል የትንሿ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማኛል፣ ወፍራም፣ እንደ ልማዱ። የፋብሪካው ሰዎች ቆንጆ አድርገው ሠርተዋታል። እጄን አነሳሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ወጣሁ።

ጃኬቴን ረስቼ ስመለስ በሩ ክፍት ነው። ተጠባባቂው ቁልፍ ያለው ምክትሌ ጋ ብቻ ነው። ሞተሯ ዘንጉን ታዞራለች፣ ተረኛዋ በር ላይ ቆማ ወዲያና ወዲህ ታያለች። እሱ ውስጥ ነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የራሱን ካቻቪቴ ሦስተኛው ኩሽኔታ ላይ ተክሎ።

አልገባሁም፣ አልተናገርኩምም። ጃኬቴን ትቼ ወጣሁ። አንድ ሰው ከእኔ በኋላ ገብቶ እኔ ያዳመጥኩትን ያዳምጣል። ሐኪሙ አርጅቷል ብሎ ወንበሩን እየለካ ነው። እራት አልበላ አለኝ።

ረቡዕ፣ በጥድፊያ

ገና ከመግባቴ ተከትሎኝ መጣ። «ጋሼ፣ ከመነሳቷ በፊት አንዴ ደግመን ብናዞራት ምን ይመስልዎታል?» አለ። ለምን አልኩት። «ሦስተኛው ጋ የሆነ ነገር የሰማሁ መሰለኝ።» መቼ ነው የሰማኸው አልኩት፣ እያወቅሁ። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

በዚህ መሃል ባለ ሰዓቱ ደረሰና ምንድነው ችግሩ አለ። እኔ ንጹሕ ናት አልኩ፣ እኔ ያስተማርኩት ጆሮ ከእኔ ጆሮ አይበልጥም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እሱ ዞሮ አንተስ ምን ትላለህ አለው። ልጁ እኔን አየ፣ ሥራ አስኪያጁን አየ። «ጋሼ ካሉ ይሁን» አለ።

ተነሳች። እሳቱ ያዘ፣ በሙሉ ኃይሏ ትሠራለች። ስትነሳ ወለሉ እንዴት ደስ እንደሚል።

ቅዳሜ

ትልቋ ሥራ ላይ። ንዝረቷ ትንሽ ጨምሯል፣ በልክ ውስጥ ነው። አዲስ ማሽን እስኪላመድ እንዲህ ነው።

ሰኞ

ዛሬም ጨምሯል። ሦስተኛው ኩሽኔታ። አሁንም በልክ ውስጥ።

ለምን ሦስተኛው? እሱ የቆመበት ነው። ካቻቪቴውን የተከለበት ነው። እዚያ ምን ሲያደርግ ነበር?

ማክሰኞ

ከካፌው ወደ መጸዳጃው ሳልፍ በያጁ ሲናገር ሰማሁት። በያጁ ሲያወራም መዶሻ የያዘ ይመስል ጮሆ ነው፣ እሱ ብቻ ነው በዚህ ጣቢያ እንደ ሰው የሚናገረው። «እስከ መቼ ይሸፍንለታል? አንድ ቀን ጉድ ይወጣል» ሲል ነበር። ስገባ ዝም አለ።

ማን ለማን ነው የሚሸፍነው? ተረኛዋ ለምክትሌ እንደምትሸፍን ግልጽ ነው፤ በር ላይ ቆማ አይቻታለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የጣቢያው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፣ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ

ትልቋ ቆመች። ንዝረቱ ከልክ አልፎ መከላከያው ራሱ አጠፋት። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ቧንቧው ላይ ግፊቱ ወርዷል፣ ከየአቅጣጫው ስልክ ይደወላል፣ ባለ ሰዓቱ ሰዓቱን ማየት እንኳ ረስቷል።

መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል ነው ያወቅሁት። ያ የተረገመ መብራት።

ሰኞ፣ ማታ ላይ

ፈታናት። ሦስተኛው ኩሽኔታ አጠገብ ዘንጉን የሚከቡት ቀጫጭን ቀለበቶች በአንድ በኩል ተበልተዋል። ሲገጠሙ ጀምሮ ይፋተጉ ነበር ማለት ነው፣ ወይም አንድ ሰው ነክቷቸዋል። እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው፤ እኔ ሳዳምጥ ንጹሕ ነበረች።

ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ቢሮው ሰበሰበን። ንጹሕ ናት ያለው ማነው ብሎ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ። ታዲያ ምን ተፈጠረ አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔን ያያል። በዚህ ዕድሜዬ በልጆች ፊት እንደ ተማሪ ቆሜ እመልሳለሁ? ያን ጊዜ ከአፌ ወጣ። «እኔ ከቆለፍኩ በኋላ ከፍቶ የገባ ሰው አለ» አልኩ።

ማነው ሲል አልመለስኩም። መመለስም አላስፈለገኝም፣ ምክትሌ ራሱ እጁን አነሳ። ገብቻለሁ አለ። ለምን ገባህ ሲለው ዝም አለ። ደግሞ ጠየቀው፣ ዝም። ተረኛዋ ልትናገር ስትል በዓይኑ ከለከላት። ከዚያ ወደ እኔ አየ፤ ተናደደ እንዳልል አልተናደደም፣ የሚያዝንልኝ ይመስል ነበር። እሱ ማን ስለሆነ ነው ለእኔ የሚያዝነው? «የምለው የለኝም» አለ።

ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ታገደ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከአሥራ ምናምን ዓመት ሥራ በኋላ የወሰደው የምሳ ዕቃውን ብቻ ነው።

እኔ አበላሸ አላልኩም። ገባ ነው ያልኩት። መግባቱን ደግሞ ራሱ አምኗል።

ማክሰኞ

ባለቤቴ አላናገረችኝም። እራት አቀረበች፣ ተቀመጠች፣ አልበላችም። በመጨረሻ ፊት ለፊቴ መጥታ፣ እጄን ይዛ፣ እያንዳንዱን ቃል ረግጣ ተናገረች። «ለምን እንደገባ ጠይቀኸዋል?» አለች። ሥራ አስኪያጁ ጠይቆት መልስ አጣ አልኳት። «እሱን አይደለም፤ አንተ ጠይቀኸዋል ወይ?»

ወንድምሽ ሆኖብሽ ነው አልኳት። አንቺና እሱ መኪና ውስጥ ስትዶልቱ አይቻለሁ አልኳት። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል፣ ወንድምሽ ግን ያበላውን እጅ ነከሰ አልኳት። ይኼን ባልል ይሻል ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና ጨመርኩበት፤ የጨመርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ሻንጣ ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሩን ስትዘጋ አልሰማሁም፣ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው መሰለኝ። ብትጮህብኝ አይቀለኝም ነበር?

ዓርብ

ገባ ብቻ ነው ያልኩት። ይኼን ስንት ጊዜ ለራሴ እንዳልኩት አላውቅም።

አዲሶቹ ቀለበቶች መጥተዋል። ሌት ተቀን እየገጠምን ነው። ምክትሌ የሚሠራውንም እኔው እየሠራሁ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል። ሰዎቹ የማዛቸውን ይፈጽማሉ፣ ከዚያ ውጭ ቃል የለም። ሁሉም ፊቴ መጥተው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የሚያናግሩኝ፤ የሚሰልሉኝ ይመስላል።

ቤቱ ጭር ብሏል። ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ሰዎቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ አያለሁ።

ሰኞ

ተረኛዋ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ነገ ትልቋ ስትዞር ማን ያዳምጣል አለችኝ። በፊትስ ማን ነበር የሚያዳምጠው አልኳት።

አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። አፏን የሚያሳክካት ነገር አለ፣ ግን ዋጠችው። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብላ ሄደች፤ ስትዞር ከንፈሯን አይቼ ነው እንዲህ ያለች የመሰለኝ።

ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙት ነገር አለ። ለምን አይነግሩኝም? ነገ እጄን ሳነሳ ሁሉም ነገር ይለይለታል።

ማክሰኞ፣ ሌሊት

እንቅልፍ የለም። እንደሆነው ልጻፈው።

መሣሪያው ተቆጠረ፣ ኪስ ተራገፈ፣ ማራገቢያዎቹ ጠፉ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆመ፤ በያጁ፣ ተረኛዋ፣ ሌሎቹ መካኒኮች፣ ባለ ሰዓቱም ራሱ ነበር። ሞተሯ ዘንጉን ማዞር ጀመረች። ገባሁ። አንደኛው ኩሽኔታ፣ ጭጭ። ሁለተኛው፣ ጭጭ። ሦስተኛው ላይ ካቻቪቴውን ተክዬ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየሁ። ከታች የትንሿ ጉርምርምታ አለ፤ ሌላ የለም። እንደ ቅቤ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ልቤ ቅልል አለኝ። እጄን ላነሳ ዞርኩ።

ተረኛዋ በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛለች። በያጁ ጥርሱን ነክሶ ፊቱን አጨማዷል፣ ምላጭ ሰሃን ሲፍቅ እንደሚሰማ ሰው። ከኋላ የቆሙት ትከሻቸውን ሰብስበዋል። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ዓይኑን ጨፍኗል። ሁሉም አንድ ነገር እየሰሙ ነው። እኔ ምንም አልሰማም።

እጄ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ተመልሼ ካቻቪቴውን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት፣ እስኪያመኝ ጫንኩት። ምንም። ከዚያ ካቻቪቴውን ጣልኩና ጣቴን የኩሽኔታው ቤት ላይ አሳረፍኩ። ቀጭን ነገር ጣቴን ነዘረኝ፣ እየመጣ እየሄደ፣ ዘንጉ በዞረ ቁጥር። ጣቴ የሰማውን ጆሮዬ አልሰማውም።

«አጥፉ» አልኩ። ሞተሯ መቆሟን ያወቅሁት ፊታቸው ሲፈታ ነው።

ከዚያ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከሁሉም ቀድሜ የሰማሁ መስሎታል። «ሐኪሙ አሁንም ሐኪም ነው» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ይኼን ባይሰማ ማሽኗን ዳግመኛ እናጣት ነበር አለ። ይኼን የሰማ ጆሮ ያኔም አልሳተም፤ እንግዲህ ያኛው ሰውዬ ገብቶ ለመነካካቱ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም አለ። በያጁ መሬት መሬት አየ። ተረኛዋ እኔን አየች። እንድናገር የምትጠብቀው እኔን ነበር። እኔ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ቤት ገብቼ የግድግዳውን ሰዓት አወረድኩት። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፣ በቀኝም በግራም። ባትሪው ደክሟል አልኩ። መርፌው ግን ይሄዳል።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ይኼስ መቼ ነው ያመለጠኝ? ዕድሜዬን ሙሉ ተርባይን ሥር ኖሬ የጆሮ መከለያውን ለፈሪ ነው ስል ነበር። ልጁ መቼ እንዳወቀ አላውቅም። ስንት ጊዜ ከእኔ በኋላ እንደገባም አላውቅም። ያንን መብራት ለማን እንደሰቀለው ግን ዛሬ ገባኝ።

ዝም ብል ማንም አይነካኝም። ሥራ አስኪያጁ በአፉ አጽድቆልኛል። ተረኛዋ አትናገርም፣ እሱም አይናገርም፤ እስከ ዛሬም አልተናገረም። ዝም ብል ጡረታዬ ድረስ ሐኪሙ እባላለሁ።

ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ዝም አልኩ። ጠዋቱን ሙሉ። ሦስት ጊዜ ቢሮው ደጅ ደርሼ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

ገባሁ። ተቀመጥ አለኝ፣ አልተቀመጥኩም። ትናንት የሰማሁት ነገር የለም አልኩት፣ ፊታችሁን አይቼ ነው አልኩት። ያን ጊዜም ንጹሕ ናት ያልኩት ስላልሰማሁ ነው፤ ከእኔ በኋላ የገባው ሰው እኔ ያልሰማሁትን ሊሰማ ነው የገባው፤ ሰምቶም ነበር አልኩት። ባንድ ትንፋሽ ጨረስኩት፣ ባቆም ኖሮ አልቀጥልም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ለምን ታዲያ አይናገርም ነበር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስጠይቀው ለምን አይናገርም አለኝ፤ ድምፁን ከፍ ስላደረገ ሁሉንም ሰማሁት። ይሉኝታ ነው አልኩት። ይሉኝታ ማሽን አይጠግንም አለኝ። ልክ ነው፣ አይጠግንም፤ እኛ ግን ቤታችንንም ጣቢያችንንም በሱ ነው ያቆምነው።

ልጁ ከነገ ጀምሮ እንዲመለስ ደብዳቤው ይጻፍለታል። እኔ ጆሮዬን ታይቼ እስክመጣ ተርባይን አጠገብ አልደርስም። የበሩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እሱ ያስቀመጠው ቁልፍ አሁንም እዚያው ነበር።

ቅዳሜ

ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ወደ ሥራ አልተመለሰም አሉኝ። ደብዳቤው ደርሶታል፣ አልመጣም። ዛሬ ቤቱ ሄድኩ።

በመስኮቱ በኩል ባለቤቴን አየኋት፤ አየችኝና ከመስኮቱ ዞር አለች። በሩን የከፈተው እሱ ነው። ጺሙን አልተላጨም። በሩን ግማሽ ከፍቶ መሃሉ ላይ ቆመ። መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ አንዱም አልመጣልኝም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ በዚያ በለመደው ቀስታ። እንዲህ ሲሆን «እሺ» ብዬ ራሴን መነቅነቅ ልማዴ ነው። ራሴን ልነቀንቅ ብዬ ተውኩት።

«አልሰማሁህም» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝ። ያላመነኝ መሰለኝ።

«አይሰማኝም» አልኩት ደግሜ። «ጮክ በልልኝ።»

ያን ጊዜ ጮኸ፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ጮሆብኝም «አንተ» ብሎኝም አያውቅም። «ለምን መጣህ ነው ያልኩህ!»

ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው አልኩት። እኔም ሳልጮህ አልቀረሁም፤ የማዶው ጎረቤት በሩን ከፍቶ ሁለታችንንም አየን።